ስሟ «ተዋት» ነው፤ የሚተዋት ግን ጠፋ

ዛሬ ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ። ስለ ኑሮ ውድነት አይደለም። ስለ መብራትም አይደለም። ስለ ውሻ ነው። መሳቅ የሚፈልግ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስና እንቀጥል።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አራት ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አለችኝ። መጋቢት ላይ፣ ሁዳዴ መሐል፣ ወደዚች ክፍል አንዲት ቡላ ውሻ አስገባሁ። ሁዳዴ ለከተማ ውሻ ምን ማለት እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። አጥንት የለም፣ ጅማት የለም፣ የሚወረወር ነገር የለም። እኛ ወደንና ፈቅደን እንጾማለን፤ እነሱን የጠየቃቸው የለም። ያገኘኋት አንድ የተዘጋ ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ ተኝታ ነው። በሩ ይከፈታል ብላ ትጠብቃለች። የጎድን አጥንቷ አንድ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። አንገቷ ዙሪያ የሽቦ ጠባሳ አለ፤ ዛሬም ድረስ ጠጉር አላበቀለም።

ሁለት ሳምንት ከሥራ ስመለስ ዳቦ እየጣልኩላት አለፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት በሩቁ ተከትላኝ መጣች። ግቢ ገባች፣ በሬን አየች፣ ቀጥ ብላ አልጋዬ ሥር ገባች። ከዚያ ዘጠኝ ቀን አልወጣችም። ማለቴ ሌሊት እኔ ስተኛ ትወጣለች፣ ያስቀመጥኩላትን ትበላለች፣ ደጅ ደርሳ ትመለሳለች። ጠዋት የማየው ባዶ ሳህን ብቻ ነው። ጅን ያከራየሁ ነው የሚመስለኝ የነበረ።

ስሟን «ተዋት» አልኳት። በኛ አገር የውሻ ስም አንዳንዴ ለጎረቤት የሚላክ ደብዳቤ መሆኑን ታውቃላችሁ። አንድ «ምን አገባህ» የሚባል ውሻ አውቃለሁ። ባለቤቱ ሲጣራ ጆሮውን የሚያቆመው አጥር ማዶ ያለው ሰውዬ ነው። እኔም በዚያው ወግ መልእክቴን በስም አደረግኩት። ተዋት። በቃ ተዋት። ውሻዋ የሚያስፈልጋት ይሄ ብቻ ነው። ጎጃም ውስጥ ሁሉም ነገር ይገኛል፤ ጤፉ አለ፣ ማሩ አለ፣ ድንቹ አለ። አንድን ነገር የሚተው ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ችግሩ «እስቲ ልያት» ነው።

የመጀመሪያው «እስቲ ልያት» የጎረቤቴ የጋሼ ነው። ገና በሁለተኛው ቀን መጡ። ተንበረከኩ፣ የስልካቸውን ባትሪ አብርተው አልጋው ሥር አበሩባት። ጋሼ፣ አይንዎ ላይ ባትሪ ቢበራብዎ ምን ይላሉ? ውሻ ዐይን ለዐይን ሲያፈጡበት «ልጣላህ ነው» ማለት ነው የሚመስለው። እሷ አፏን ከፍታ አዛጋች፣ ከንፈሯን ላሰች። «እንቅልፍ ይዟታል» አሉ ጋሼ። እንቅልፍ አይደለም ጋሼ! የፈራ ውሻ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ የሚበላ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል። በጨዋ ቋንቋ «እባክዎ ይሂዱልኝ» እያለችዎ ነበር።

ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ መጣ። እሱ ደግሞ «ውሻ እኔን ይወደኛል» የሚል ዓይነት ነው። እነዚህን ሰዎች እግዜር ያርቅልኝ። እጁን ሰደደና የኋላ እግሯን ይዞ ጎተታት። ጥርሷን አሳየችው። አልነከሰችውም፣ አሳየችው ብቻ። በማግስቱ ቢሮው ሁሉ «የእሱ ውሻ ልትበላኝ ነበር» የሚል ወሬ ይዞ ጠበቀኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይሄ ነው።

አከራያችን እማማ ሌላ ጣጣ አላቸው። እሳቸው ውሻዋን አልጠሉም፤ ሥራ ፈት መሆኗን ነው የጠሉት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ይቺ አምስት ወር በላች፣ አንድ ቀን ጮኻለች?» አሉኝ። እውነት ነው፣ አልጮኸችም። ሰው ሲመጣ ዝም ብላ ትሸሸጋለች። «እሰራት፣ የታሰረ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል» ይላሉ። እማማ፣ አንገቷ ላይ ያለው የሽቦ ምልክት ከየት የመጣ ይመስልዎታል? ማምለጫ ያለው ፈሪ ይሸሻል። ማምለጫ ያጣ ፈሪ ይነክሳል። ይህን ሁለት ጊዜ አስረዳኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሰንሰለት ገዝተው መጡ። በራሳቸው ገንዘብ! ምን ትላቸዋለህ? አመስግኜ ተቀበልኩና አሁን የብስክሌቴ መቆለፊያ ሆኗል።

በአንድ ነገር ግን አከራዬን አልፈርድባቸውም። «ካበደችስ?» አሉኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ክትባት ነው፤ በየዓመቱም ይደገማል። የእንስሳት ሐኪሙ ጊቢው ድረስ መጣልኝ፣ ወረቀቱን እማማ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ተዋት ብቻ አይደለችም፣ ማንም ውሻ ቢነክሳችሁ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ያን ዕለቱኑ ለክትባቱ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ጸበሉንም ሂዱ፣ እኔም እሄዳለሁ። ግን መርፌውን ሳትወጉ አትቅሩ። ወደ ብሶቴ ልመለስ።

ስለ ጎንበስ ማለት ልንገራችሁ። አንድ ቀን የጫማዬን ማሰሪያ ላስር ጎንበስ አልኩ። ተዋት ያን ጊዜ ደጃፍ ላይ መተኛት ጀምራ ነበር። እንደ ጥይት ተተኮሰች። በሁለት ወር የሠራሁት ሥራ በአንድ የጫማ ማሰሪያ ሄደ። አስቡት እስቲ። አገራችን ውስጥ ጎንበስ ያለ ሰው ሊያነሳ የሚችለው ምንድን ነው? ድንጋይ። ድንጋዩ ባይኖር እንኳ ጎንበስ ማለቱ ይበቃል፣ ውሻው ይሮጣል። ልጅ ሆነን ሁላችንም ሠርተነዋል። እኔም ሠርቻለሁ፣ ያውም ጎበዝ ወርዋሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ስለ ፓቭሎቭ ተምረናል፤ ምግብ ሲመጣ ድምፅ ይሰማል፣ በኋላ ድምፁ ብቻ ሲሰማ የውሻው ለሀጭ ይዝረበረባል። ሩሲያዊው በምግብ ያስተማረውን እኛ በድንጋይ አስተማርነው። ልዩነቱ ይሄ ነው።

የተማረውን ለማስረሳት ታዲያ መንገዱ ያው የፓቭሎቭ ነው። ጎንበስ እላለሁ፣ ቁራሽ ነገር ጥዬ ቀና እላለሁ፣ ሳላያት እሄዳለሁ። መጀመሪያ ከአሥር እርምጃ ርቀት። ከሳምንት በኋላ ከዘጠኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኔው እንቁላል ግን አንድ ቀን ሄዶ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ምግቧን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሳህን። የማትነካበት አንድ ጥግ፤ ካርቶንና አሮጌ ጋቢ። እዚያ ከገባች እኔም አልደርስባትም። ይኸው ነው። ምንም ጥበብ የለውም። የሚፈልገው ትዕግሥትና የማይመጣ እንግዳ ነው።

እንግዳ ግን ይመጣል። ያውም ዱላ ይዞ! አጎቴ ከገጠር ለችሎት ቀጠሮ መጣ። ዱላውን በሁለት ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን አንጠልጥሎበት። እናንተው ፍረዱ፤ ጎጃሜን «ዱላህን በር ላይ ተውልኝ» ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። «ለማን ብየ?» አለ። «ለውሻዋ» አልኩ። ሌሊቱን አልተናገረኝም። ጠዋት እናቴ ጋ ደውሎ «ልጅሽን ከተማ አበላሸው» ብሏታል።

ጾሙ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። አሁን ፍልሰታ ነው። ተዋት ሽሮ በእንጀራ ትበላለች፣ ግን ለሽሮ ብላ ፍርሃቷን አትረሳም። ከጥጓ የሚያወጣት ቋንጣ ብቻ ነው። ከፋሲካ የተረፈች ትንሽ ቋንጣ ነበረችኝ። አንዲት እፍኝ አወጣሁ። ጎረቤቴ እትየ አፍንጫቸው ከውሻዋ አይተናነስም። «በፍልሰታ ቋንጣ!» ብለው አማተቡ። «እትየ፣ እኔ አልበላሁም፣ ለውሻዋ ነው» አልኩ። «ሽታው ግን ለኛ ነው» አሉኝ። መልስ የለኝም። ልክ ናቸው።

ነገሩን በሙሉ የገለበጠችው ግን እናቴ ናት። ከቢቸና በኩል መጣች፣ ፍልሰታን እዚህ ላስቀድስ ብላ። በአጎቴ ስልክ ምክንያት አልጋዬን ጭምር ለመመርመር የመጣች ነው የመሰለኝ። ገባች፣ ተዋትን በጨረፍታ አየቻት፣ «ይቺ ናት?» አለች። አበቃ። ጀርባዋን ሰጥታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ጥጧን መፍተል ጀመረች። አላጎነበሰችም። አልጠራቻትም። «ኩቲ ኩቲ» አላለችም። እንዝርቷ ይሽከረከራል፣ ከንፈሯ ውዳሴ ማርያም ይላል። ቤት ውስጥ ሌላ ድምፅ የለም።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ተዋት ከጥጓ ወጥታ የእናቴ ቀሚስ ጫፍ ላይ አፍንጫዋን አሳርፋለች። አምስት ወር! እኔ አምስት ወር ሙሉ ቋንጣ እየጣልኩ ጎንበስ ቀና አልኩ። እሷ በሦስት ቀን! «እማየ፣ ምን አድርገሽ ነው?» አልኳት። «ምንስ አደረግሁ?» አለች። «ከብት ስጠብቅ ያደግሁ ነኝ ልጀ። የደነበረ ነገር ሲያዩት ይብሳል።» ቅናት ያዘኝ። አዎ፣ በእናቴ ቀናሁ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ።

ከዚያ ቡሄ ደረሰ። ነሐሴ 13 ከመድረሱ በፊት ልጆቹ ጅራፍ መገመድ ጀምረዋል። እኔ ቡሄን የምወድ ሰው ነኝ። ጅራፉ የደብረ ታቦሩን ነጎድጓድ ያስታውሳል ተብሎ ነው ያደግነው፣ ሙልሙሉም አይረሳም። ግን ጅራፍ ማለት ለተዋት ምን ማለት ነው? የውሻ ጆሮ እኛ ከምንሰማው ከእጥፍ በላይ ቀጭን የሆነ ድምፅ ይሰማል። ለኛ «ጧ!» ያለው ለሷ ምን እንደሚል እንጃ። መዓቱን ቀድሜ ላስቀር ብዬ የሰፈሩን ልጆች ሰበሰብኩ። ድርድሩ ከባድ ነበር። ከረጅም ክርክር በኋላ ለአንድ ራስ ሁለት ሙልሙል፣ እነሱም ከግቢያችን ርቀው ከወንዙ ማዶ ሜዳ ላይ ሊያጮኹ ተስማማን። ልጆቹ ቃላቸውን ጠበቁ። እግዜር ያሳድጋቸው። አዋቂ ቢሆኑ እንዲህ አይጠብቁም ነበር።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ትናንት ማታ ዝናቡ አባርቶ፣ እናቴ እየፈተለች፣ ተዋት እግሯ ሥር ተጋድማ፣ እኔ ሻይ ይዤ «ተመስገን» ልል አፌን ስከፍት ከበራችን ላይ «ጧ!» አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ድምፁ ገብቶ አልወጣም። ሻይው ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ዘልዬ ወጣሁ። ጋሼ ናቸው። ልጆቹ መንገድ ላይ አግኝተዋቸው ጅራፍ አሳይተዋቸው ኖሯል። «እናንተ አታውቁበትም፣ በኛ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚጮኸው» ብለው ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው ያሳያሉ። ስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው። እውነት ለመናገር አጯጯሃቸው ግሩም ነው።

ወደ ቤት ስመለስ አልጋው ሥር ባዶ ነው። ጥጉም ባዶ ነው። ተዋት እናቴ ጋቢ ውስጥ ገብታለች። ጅራቷ ብቻ ይታያል፣ ይንቀጠቀጣል። እናቴ እንዝርቷን አላቆመችም፣ እንኳን ልታያት።

ከኋላዬ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ራሳቸውን አስገቡ፣ ጅራፉ እጃቸው ላይ እንዳለ።

«ደነገጠች እንዴ? እስቲ ልያት።»