ቀፎ ቆጥሮ ንብን አወቅሁ ማለት

ባለፈው ሳምንት በሰሜን ሸዋ ከሚገኙት ወረዳዎች በአንዱ በተካሄደ የግብርና ስብሰባ ላይ፣ በእርሻ ድንበርና በቦይ አፋፍ የሚገኘው «ባዶ መሬት» በመጪው ክረምት ተቆፍሮ ባሕር ዛፍ እንዲተከልበት ተወስኗል። የንቡ ነገር እንዴት ይሆናል ብለው ለጠየቁ አንድ አረጋዊ አርሶ አደር የተሰጠው መልስ፣ በዱር የሚታየው ንብ ሁሉ ከቀፎ ያመለጠ መሆኑን፣ ባለሙያዎችም በየካቲት ቦታውን ተዘዋውረው አንድም ንብ አለማየታቸውን፣ የሚጎድል ነገር ቢኖር እንኳ በሚከፋፈሉት ዘመናዊ ቀፎዎች እንደሚካካስ የሚገልጽ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ ጭብጨባውንም ሰምቻለሁ።

ዱሩን የሞላው ከቀፎ ያመለጠ ንብ ነው የሚል ሰው፣ አንድ ንብ አናቢ ባዶ ቀፎ አጥኖ ዛፍ ላይ ሲሰቅል በሕይወቱ አላየም ማለት ነው። ያ ቀፎ የሚሰቀለው ለማን ኖሯል? ከዱር ለሚመጣው መንጋ አይደለምን? አናቢያችን ንብ የሚያገኘው ከዱሩ ተቀብሎ ነው፤ ንቡም ሲከፋው ጥሎት የሚሄደው ወደዚያው ወደ መጣበት ነው። ተበዳሪውን አበዳሪ አድርጎ ማቅረብ በገበያም በሸንጎም የማያስኬድ ነገር ሲሆን፣ በግብርና ስብሰባ ላይ ግን ጭብጨባ ያስገኛል።

ይህም ሁሉ ክርክር ስለ አንዲት ዝርያ ብቻ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. አፒስ ሜሊፌራ ብሎ የሰየማት የማር ንብ፣ በዓለም ላይ ተለይተው ስም ከወጣላቸው ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች መካከል አንዷ ናት። ሊቃውንቱ እነዚህን በሰባት ቤተሰብ ይመድቧቸዋል፤ ከሰባቱ አንዱ ከአውስትራሊያ ውጭ ስለማይገኝ ለአፍሪካ የሚቀሩት ስድስቱ ናቸው። አብዛኞቹ አውራም ሠራዊትም የላቸውም፤ ማር አያከማቹም፤ እያንዳንዷ እናት ጎጆዋን ለብቻዋ ትሠራለች። ቅጠል በመቀስ የተቆረጠ ያህል አስተካክላ ቆርጣ የልጆቿን ክፍል የምትጠቀልል አለች። የደረቀ ግንድና የቤት ማገር የምትሰረስር፣ ብዙ ሰው ጢንዚዛ የሚላት ጥቁር ግዙፍ ንብም አለች። ሌላዋ በደከመችበት ጎጆ ዕንቁላሏን ጥላ እብስ የምትለዋም ንብ ናት። እነዚህ ሁሉ ቀፎ በሚቆጠርበት ቅጽ ላይ መስመር አልተሰመረላቸውም፤ መስመር ያልተሰመረለት ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

የሚያሳፍረው ደግሞ ይህ በሸዋ ምድር መነገሩ ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ኦራዚዮ አንቲኖሪ የተባለው ኢጣሊያዊ ተፈጥሮ ተመራማሪ፣ ምኒልክ በሰጡት በአንኮበር አጠገብ በሚገኘው ልጥ ማረፊያ ተቀምጦ ወፎችንና ነፍሳትን ይሰበስብ ነበር፤ በ1882 ያረፈውም እዚያው ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ሰው ጎንበስ ብሎ የለቀመውን፣ የእኛው ሹም ከወንበሩ ሳይነሣ «የለም» ይላል።

ወደ የካቲቱ ጉብኝት ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ እርሱ ነውና። ከንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ጎጆአቸውን የሚሠሩት መሬት ውስጥ ነው። እናቲቱ በአፋፉ ላይ ቀጭን ጉድጓድ ትምሳለች፤ ከውስጥ ትናንሽ ክፍሎች ታበጃለች፤ በእያንዳንዱ ክፍል የአበባ ብናኝ በአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ ለውሳ ታኖራለች፤ በዚያ ላይ አንድ ዕንቁላል ጥላ፣ ደፍና፣ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ልጆቿ ግን አበባው እስኪመለስ ወራትን ከመሬት በታች ሊያሳልፉ ይችላሉ። ስለዚህ በየካቲት ደረቅ ፀሐይ አንድም ንብ አላየንም ማለት፣ በመስከረም ጎተራ ከፍቶ ይህ አገር እህል አያበቅልም እንደ ማለት ነው። ባለሙያዎቹ የቆሙት በጣራው ላይ ነበር፤ ባለቤቶቹ ከእግራቸው በታች ተኝተዋል።

እነዚህ ንቦች የሚመርጡትም በአብዛኛው ውሃ የማይቋጥር፣ ፀሐይ የሚመታው፣ ሣር እምብዛም ያልሸፈነው፣ ማረሻ ያልነካው መሬት ነው፤ በሌላ አነጋገር ስብሰባው «ባዶ» ያለው ራሱ ነው። በጅሩ ሜዳ ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ዋልካ ለእንዲህ ያለ ስስ ክፍል ይመቻል ብዬ አላምንም፤ እንግዲህ የቀረው ድንበሩና አፋፉ ነው። ጣዝማንም ብንወስድ ጎጆዋ ከመሬት በታች ነው። ሸዋ ውስጥ ያደገ እረኛ ሁሉ ያውቃታል፤ አትናደፍም፤ ማሯም መድኃኒት ነው ተብሎ በውድ ይሸጣል። ይህችን ንብ፣ ሳይንሱ ሜሊፖኑላ ቤካሪ የሚላትን፣ በዘመናዊው የፍሬም ቀፎ እንተካታለን ያለ እስካሁን አልሰማሁም፤ ቀፎው ለእርሷ አልተሠራምና። የመንዝ ሰው የጋራ የሣር መሬቱን ጓሳን ድሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቅ፣ ያልታረሰ ሁሉ ባዶ እንዳልሆነ የሚነግረው አማካሪ አላስፈለገውም።

ባሕር ዛፍ ለማር ንብ ጥሩ አበባ አለው፣ አጣናውም ይሸጣል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የሰው ቤት አፍርሶ ምሳ መጋበዝ ካሳ አይባልም።

ስለ ቀፎው ማካካሻ ብዙ አልልም። የሸዋ ሮቢት ቲማቲም አምራች ያስብበት፤ የቲማቲም አበባ ብናኙን በደንብ የሚለቀው ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ነፋስ ጥቂት ያግዘዋል፤ አበባውን ጨብጠው በክንፍ ጡንቻቸው የሚያርገፈግፉት ግን እንደዚያች ጥቁር ግንድ ሰርሳሪ ያሉ የዱር ንቦች ናቸው። የማር ንብ ይህን አትችልበትም። መቶ ቀፎ ቢደረደርም አትማረውም።

የምጠይቀው ሥራው እስከ መስከረም መጨረሻ እንዲቆይ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አደይ አበባ ሳይረግፍ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ በረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ውሳኔውን ያሳለፉት ሰዎች ከአንዱ አፋፍ ሥር ተንበርክከው ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ። አረጋዊው ቦታውን ለማሳየት ፈቃደኛ መሆናቸውን ከስብሰባው ስንወጣ ነግረውኛል።