ከረባት በአዳማ ፀሐይ

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ለስልጠና የሚመጣው ሁሉ በዚያ በሚያዝያ ሙቀት ከረባቱን አስሮ ሆቴል አዳራሽ ይገባል። ከዚያ «ኤሲው ይከፈትልን» ይላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በስብሰባው ወረቀት ራሱን ያራግባል። ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንገትህን ፍታው እንጂ!

ይህ ባልመለከተኝ ነበር። ግን አንድ ማህተም ፈልጌ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ፣ ነጠላ ጫማ። ሰልፉ ረጅም ነው። ከኋላዬ የመጣ ባለ ሱፍና ባለ ከረባት ሰተት ብሎ አለፈን። ጥበቃው ወንበር ሳበለት። ጸሐፊዋ «ይግቡ ዶክተር» አለችው። ዶክተር ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም። እኔ ጠጋ ስል «ፋዘር፣ ተራህን ጠብቅ!»

በአጠገቤ ሲያልፍ አየሁት። ቋጠሮው በላብና በእድፍ አብረቅርቋል። ሰው አንዴ ካሰረለት ወዲህ ፈትቶት አያውቅም፤ እያላላ ያወልቃል፣ መልሶ በጭንቅላቱ ያጠልቃል። መቼም የማናውቀው ነገር አይደለም።

እኔ የምሠራው ለንደን፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። እዚያ የምር ዶክተሮቹ ከረባት አያስሩም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ነው ያስፈታቸው። ከረባት በየቀኑ ይታሰራል እንጂ አይታጠብም፣ በሽተኛው ላይ ተንጠልጥሎ ጀርም ያዛምታል ተባለ። በቃ፣ ፈቱት። ስፔሻሊስቱ ክንዱን እስከ ክርኑ ገልጦ ሲዞር ማንም አልናቀውም። በፓርላማቸውም ቢሆን ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ ከረባት ግዴታ አይደለም።

ደግሞ ከረባት የአባቶቻችን ቅርስ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለፈረንሳይ የተዋጉ የክሮኤሺያ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ያሰሩት ጨርቅ ነው። ሉዊ 14ኛ ወደደው፤ የቤተ መንግሥት ጌጥ ሆነ። ቸርችል በነጠብጣብ ፓፒዮኑ ይታወቅ ነበር። ለለንደን ብርድ ማን ከለከለው! ጃፓኖች ግን ሙቀት ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥታቸው በሙቀቱ ወራት የቢሮ ኤሲ 28 ዲግሪ ላይ ይቁም፣ ሠራተኛው ከረባቱን ይፍታ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮይዙሚ ራሳቸው አንገታቸውን ገልጠው ታዩ። የዛየሩ (የዛሬዋ ኮንጎ) መሪ ሞቡቱ ደግሞ ጭራሽ ከለከለው። (እሱ እንኳ ከረባቱን ከልክሎ አገሩን ነው የበላው፤ ይለፈን።)

ከሁሉም የግሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሲፕራስ ይገርመኛል። የአገሬ ዕዳ ሳይቀልል ከረባት አላስርም ብሎ ዓመታት በባዶ አንገቱ መሪዎችን ጨበጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዕዳው ላይ ስምምነት ሲደረስ አንድ ቀን አሰረ፣ እዚያው መድረክ ላይ መልሶ ፈታው። በሱ ሕግ ብንሄድ የእኛ ሹማምንት መቼ ሊያስሩ ነው?

ይህን ሁሉ ማታ ለእህቴ ባል ዘረገፍኩለት። በጨዋ ደንብ አዳመጠኝ። ስጨርስ ከቁምሳጥኑ ታስሮ የተቀመጠ ቀይ ከረባት አወጣ። «ነገ ይቺን አጥልቀህ ሂድ። እስከ ስድስት ሰዓት ትጨርሳለህ» አለኝ። ክሮኤሺያ በለው ጃፓን፣ ጆሮው ጋ የደረሰ ነገር የለም። ይበልጥ የሚያበግነኝ ግን ሰውዬው እውነቱን መሆኑ ነው።