ይድረስ ለክቡር ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ለገደሉ ጌታ

ጉዳዩ፦ አደይ አበባዬን መብላትዎን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጎፈርዎስ? የክረምቱ ዝናብ አላበላሸብዎትም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ነው ደህና ያልሆነው።

ማን ነው ደግሞ ይሄ እንዳይሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለችው የቆርቆሮ ቤት ልጅ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጋቢ ተከናንቤ፣ ስኒ ይዤ ድንጋይ ላይ የምቀመጠው። እርስዎም ከማዶ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ሥራችን አንድ ነው፤ ሁለታችንም ተቀምጠን እንውላለን። እርስዎ ግን እየበሉ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። አዲስ አበባ ኖሬ ኖሬ ወደ እናቴ ቤት ስመለስ አንድ ነገር አማረኝ። ከአጥራችን እስከ ገደሉ ጫፍ ያለችውን ቁራጭ መሬት ሳላርስ ልተዋት። አበባ ታብቅል፤ ወፍ ይምጣባት። ጎረቤት ሳቀብኝ። «ተምሮ መጥቶ መሬት ጾም ያሳድራል» ተባልኩ። እናቴም ለሰው ስታስረዳ «አሞት ነው» ማለት ብቻ ነበር የቀራት።

ክረምቱ ግን ካሰኝ። ሐምሌን ሙሉ ጉም ነው፤ ደጃፍ ቆሜ አጥሩ አይታየኝም ነበር። ነሐሴ ተጋምሶ ጉሙ ገለጥ ሲል መሬቷ ሌላ ሆና ጠበቀችኝ። ማገጡ ሐምራዊና ነጭ ሆኖ ተነጥፏል። ሲረግጡት ጤዛው እስከ ቁርጭምጭሚት ያርሳል። ጦስኙ ከድንጋይ ሥር ብቅ ብሏል፤ በእጅ አሸት ሲያደርጉት ሻይ ያስመኛል። ችቦ የመሰለው የዝንጀሮ አገዳም ዘንጉን ቀስሮ ቆመ። እሱ ላይ መንቆሯ ቆልመም ያለ ትንሽ ወፍ ትመጣለች። ወንዱን በጥላ ሲያዩት ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ወይን ጠጅ ይሆናል። ፈረንጆቹ በተከዜ ስም ነው የሚጠሩት። ቁራውም አይቀርም፤ ያ መንቆረ ወፍራሙ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያደረገበት። አጥር ላይ ቆሞ እንደ ዕድር ዳኛ ዙሪያውን ይቃኛል። ሽኮኮው ድንጋዩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አንድ ቀን በማለዳ ሚዳቋ አይቼ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ አልተነቃነቅኩም። ሁሉም መጡ፣ ቀመስ አደረጉ፣ ሄዱ። እንግዳ እንዲህ ነው።

ጳጉሜ ላይ አደዩ ፈነዳ። መሬቷ ከገደሉ ጫፍ እስከ አጥሩ ቢጫ ሆነች። ያን ጊዜ የሳቁብኝ ጎረቤቶች በየተራ እየመጡ «እንዴት ያምራል» አሉ። አንዱማ ልጁን አቁሞ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ደረቴ ተነፋ። እንደ እርስዎ ባይቀላም።

ከዚያ እርስዎ መጡ።

ለደመራ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድራሉ፣ ፀሐይ ካልሞቀም አይነቃነቁም። በዚህ እንኳ እንግባባለን። መጀመሪያ አንድ ራስ ከጫፉ ብቅ አለ። ቀጥሎ ጎፈር። ቀጥሎ ግልገል ያዘለች እናት፣ ከኋላዋ ሌላ፣ ከኋላዋ ሌላ። ዳር ዳሩን ሚስት ያላገኙት ጎረምሶች እየተጋፉ መጡ። ስልሳ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። እርስዎ ከነሚስቶችዎ መሃል ሜዳው ላይ ቁጭ አሉ። አንዴ ከተቀመጡ መነሳት የለም፤ በመቀመጫዎ እየተንፏቀቁ ነው የሚግጡት። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚባለው ያን ቀን ገባኝ። ለካ የሥራ መሣሪያዋ ነው።

ጣቶችዎ ደግሞ! በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አንዲት የሣር ቅጠል ቆንጠር፣ ወደ መዳፍ ሰብሰብ። ቆንጠር፣ ሰብሰብ። እፍኙ ሲሞላ ወደ አፍ። እናቴ ምስር ስትለቅም ልክ እንዲህ ነች፤ እሷ ግን የምትለቅመውን አትውጠውም። እንዲህ እያሉ ማገጡን ፈጁት። አደዩ ጋ ደረሱ። አንዷን አበባ ከአንገቷ ቀነጠሱ። ቀና ብለው አዩኝ። ጎረሱ።

መሬቴ ጾም ባደረችበት እርስዎ ፈሰኩ።

ልነሳ ስል የላይኛውን ከንፈርዎን ወደ አፍንጫዎ ገልብጠው ድድዎን አሳዩኝ። እኔ ሞኙ ሰላምታ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ማስፈራሪያ መሆኑን በኋላ ነው ያነበብኩት። በዚህ መሃል ውሻችን መጣ። ስሙ ጀግናው ነው። ከሩቅ ሲጮህ ለሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እርስዎ ዞር ብለው ያን የክራንቻ ጥርስ አንዴ ብቻ አሳዩት። ጀግናው ማጀት ውስጥ፣ ከጎታው ኋላ ተገኘ። እስከ ማታ በእንጀራ ብናባብለውም አልወጣ አለ።

በደመራ ዋዜማ የሰፈር ልጆች አደይ ሊለቅሙ መጡ። እንደ ቃሌ አንድ እቅፍ ልሰጣቸው ነበር። ያገኙት እርስዎ ከጠገቡ በኋላ የተረፈውን ነው። አንዷ ትንሽ ልጅ የተቀነጠሰውን ግንድ አየችና «ጋሼ፣ ፍየል ለቀህበት ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

እናቴ ግን ጠበቃዎ ነበረች። «ተዋቸው፤ እነሱን እግዜር የፈጠራቸው ለሣር ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። በዓለም ላይ ካለው የዝንጀሮና የጦጣ ዘር ሁሉ በዋናነት ሣር በልቶ የሚኖር እርስዎ ብቻ ነዎት። በዱር የሚኖሩትም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። በ1835 እ.ኤ.አ. ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ስለ እርስዎ ጽፎ ስምዎን ለዓለም ሲያደርስ «ጭላዳ»ን አፉ እንደቻለለት ይዞት ሄደ። በሣር በልነትዎ ተከብረው ኖሩ። የኛ ገብስ እሸት እስኪይዝ ድረስ።

ገብስም ሣር ነው ብለው ይከራከሩኝ ይሆናል። ዕፅዋት የሚያጠኑ ሰዎችም ይደግፉዎታል፤ ገብስ ከሣር ወገን ነው። እናቴ ግን ዕፅዋት አላጠናችም። ከእሸቱ ወዲህ ስለ እግዜር ፍጥረት የምታወራው ወግ ቀርቷል። አሁን የምትለው እዚህ ባይጻፍ ይሻላል።

ደግሞ የሚገርመኝ የትምህርት ካሌንደር ማወቅዎ ነው። ክረምቱን ልጆቹ ወንጭፋቸውን ይዘው ማሳው ዳር ሲውሉ ጨዋ ነበሩ። ልጆቹ ደብተር ይዘው የሄዱ ዕለት ከጫፍ ጫፍ ገቡበት። ስለዚህ ጥበቃው በእኔ ላይ ወደቀ። ወንጭፍ ከያዝኩ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዋ ድንጋይ ወደ ኋላዬ ሄዳ የጎረቤትን ቆርቆሮ መታች። እርስዎ አንገትዎን አዙረው ወዴት እንደሄደች አዩ። ከዚያ ወደ ገብሱ ተመለሱ።

ማስፈራሪያም ሠራሁ። የአባቴን አሮጌ ካፖርት አለበስኩት፣ ባርኔጣ ደፋሁለት፣ በትር አስያዝኩት። ከሩቅ ሲታይ ሰው ነው፤ የማውቀው ሰውዬ መንገድ ላይ ሆኖ ሰላም ብሎታል። በማግስቱ ስመጣ አንዲት ሚስትዎ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ ልጇን ቅማል ትለቅምለታለች። ባርኔጣው አንዱ ጎረምሳ ዘንድ ነበር። ራሱ ላይ ሊያደርገው ይሞክር እንጂ እምብዛም አልሆነውም።

በይዞታ እንከራከር ካሉ እዚያም ላይ እንደሚረቱኝ አውቃለሁ። እኛ አረንጓዴ የይዞታ ደብተር አለን፤ እናቴ ከሳጥን ሥር በነጠላ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። እርስዎ ግን ከገደሉ ጫፍ ሆነው ወደ ታች ወደ አፋር በጣትዎ ይጠቁሙኛል። ድንቅነሽ በ1974 እ.ኤ.አ. በተገኘችበት በሐዳር የእርስዎም ዘመዶች አጥንት ከመሬት ወጥቷል። የእኔ ወገን ሁለት እግሩ ላይ ሲንገዳገድ የእርስዎ ወገን እዚያው ቁጭ ብሎ ያየው ነበር ማለት ነው። የዚያ ዘር ሌላው ሁሉ አልቆ እርስዎ ብቻ ቀሩ። አያቴ ሲያወራ ደግሞ በልጅነቱ እርሻው ከቤቱ በታች ነበር፤ ገደሉ ድረስ ግጦሽ ነው። አሁን በሬዎቹ ሲያዞሩ ጭራቸው ገደል ላይ ይንጠለጠላል። «እኔ ወደ ገብስህ አልመጣሁም፤ ማረሻህ ነው ወደ ሣሬ የመጣው» ቢሉኝ መልስ የለኝም። ስለዚህ ባያነሱብኝ ደስ ይለኛል።

ይልቅ በዝውውር እንስማማ። ለምን ጓሳ አይሄዱም? ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ መንዝ ነው። የመንዝ ሰው ጓሳውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ይታጨዳል፣ ከብት ይገባል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነገሩ ቢናጋም ዛሬም ኅብረተሰቡ ይጠብቀዋል። ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሣር በሣር። ጅብራው ከሰው በላይ ቆሟል፣ አስታው ሞልቷል። ቀይ ቀበሮው እንኳ በወገኖችዎ መሃል እየተንሸራሸረ አይጥ ያድናል፤ እነሱም አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን እምብዛም አይነካም። እንዲህ ያለ ጉርብትና እኛ ሰፈር የለም። እኛ ለአንድ ክንድ ድንበር ፍርድ ቤት እንመላለሳለን።

ማመልከቻውን እኔው እጽፍልዎታለሁ። እዚያ ሄደው የሚያጡት ነገር ሙዙ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድተው ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም እስከዚህ የሚመጡት ሰዎች መኪና አቁመው የሚወረውሩልዎት። ሙዝ! በዚህ ውርጭ አገር! አንዷ ጎብኚ «ሲያሳዝኑ፣ ምንም የሚበሉት የላቸውም» ስትል ሰምቻታለሁ። እርስዎ በዚያ ሰዓት የእናቴን እሸት በመዳፍዎ እያሹ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ለራስዎ ብቻ ይያዙት።

ባለፈው ሳምንት አራት ቀን ሙሉ አልመጡም። ጉም ወርዶ ነበር። መጀመሪያው ቀን እፎይ አልኩ። ሁለተኛው ቀን ቡናዬን ይዤ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ወደ ገደሉ ሳይ ዋልኩ። ሦስተኛው ቀን እናቴ «ምነው ዛሬም ቀሩ?» አለች፤ ከገብሱ ጠላት አፍ እንዲህ ያለ ቃል አልጠበቅኩም። አራተኛው ቀን አፋፉ ድረስ ሄጄ አንገቴን ብቅ አደረግኩ። ከታች ከጉሙ ውስጥ ያ ጉርምርምታችሁ ይሰማል፤ ልክ ግድግዳ ማዶ ሰዎች ቀስ ብለው ሲያወሩ። ቃሉ አይለይም፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን ገምቻለሁ። ስለ ገብስ ነው።

ደግሞም የስልኬ መገለጫ ፎቶ እርስዎ ነዎት። አደይ ጎርሰው ሳለ ያነሳሁዎት። ወዳጆቼ ሁሉ ወደዱት። «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ያለም አለ፤ እሱን አግጄዋለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። ገብሱን እንደምንም እጠብቃለሁ፤ ለከርሞ ወንጭፍም ተለማምጄ እጠብቅዎታለሁ። አደይዋን ግን እስከ መስከረም 16 ድረስ ብቻ ይታገሱልኝ። ለአንዲት ትንሽ ልጅ አንድ እቅፍ ቃል ገብቻለሁ። ከ17 ጀምሮ ሜዳው የእርስዎ ነው፤ እኔ ድንጋዬ ላይ እሆናለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአፋፉ ጎረቤትዎ

ግልባጭ፦
ለቁራ፣ አጥራችን ላይ፦ እንዲያውቀው።
ለጃርት፦ የድንቹን ጉዳይ በተመለከተ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይደርሰዋል።
ለጀግናው፣ ከጎታው ኋላ፦ ሄደዋል፤ መውጣት ይችላል።