ጠብታው የዕድሜ ልክ ነው፤ ኪስስ?

አገራችን ውስጥ ግላኮማ የተገኘበት ሰው ብዙውን ጊዜ ጠብታ ታዝዞለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ልማድ ቢፈተሽ ጥሩ ነው እላለሁ።

በሽታው የዓይንን ነርቭ ቀስ እያለ ይጎዳል። አንዴ የጠፋ እይታ አይመለስም። ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው የዓይንን ግፊት ዝቅ አድርጎ የቀረውን ማትረፍ ነው፤ በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በኦፕራሲዮን። ሲመርጥ የነርቩን ጉዳት፣ የግፊቱን ልክ፣ የዓይኑ ፈሳሽ መውጫ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን ያያል። ሌላ በሽታ ካለም ይጠይቃል። ቲሞሎል የሚባለው ጠብታ ለምሳሌ ለአስም ሕመምተኛ አይሰጥም፤ ዓይን ውስጥ የገባችው ጠብታ ሳንባ ድረስ ዘልቃ ትንፋሽ ልታሳጥር ትችላለች።

ይህን ሐኪሞቻችን አሳምረው ያውቁታል። ለእኔ የሚጎድለው ሌላው ጥያቄ ነው። ይህ ሰው ጠብታውን በየወሩ መግዛት ይችላል? በሚኖርበት ወረዳ ፋርማሲ ውስጥስ ያገኘዋል? አብዛኛው ግላኮማ አያምም። ጠብታው ዛሬ ቢቀር ነገ የሚሰማ ለውጥ የለም። ስለዚህ ብር ሲያጥር ቶሎ የሚቀረው እሱ ነው። በቀጠሮው ቀን ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ ደግሞ ሁለተኛ ጠብታ ይጨመራል። የመጀመሪያውን መግዛት ያቃተው ሰው ሁለተኛውን ከየት ያመጣል?

ታንዛንያ ውስጥ፣ ኪሊማንጃሮ አካባቢ፣ ተመራማሪዎች ጠብታንና ሌዘርን አወዳድረው ነበር። ሕመምተኞቹ በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ቲሞሎል፣ ግማሾቹ ኤስኤልቲ የሚባለውን ሌዘር አገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካላቸው ዓይኖች በሌዘር 61 በመቶ፣ በጠብታ 31 በመቶ ነበሩ። ሌዘሩ ደግሞ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሰውየው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። እርግጥ ለሁሉም አይሆንም። መውጫው ዝግ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ኃይሉም ከጊዜ በኋላ ሊደክምና መደገም ሊያስፈልግ ይችላል።

ኦፕራሲዮኑ ላይ ያለው ችግር ይለያል። ትራቤኩሌክቶሚ የሚባለው ኦፕራሲዮን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ ነው። ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፈታል። ቁስሉ ቶሎ ጠባሳ ሠርቶ መውጫውን እንዳይደፍነው ማይቶማይሲን የሚባል መድኃኒት ይቀባል። በእኛ በጥቁሮች ዓይን ላይ ይህ ጠባሳ ይበረታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክትትሉ ተደጋጋሚ ነው፤ ስፌት ይላላል፣ ግፊት ይለካል። ከሩቅ ገጠር የመጣ ሰው ለዚያ ሁሉ ቀን አዲስ አበባ የት ያድራል?

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የዓይን ሞራ ነገር ነው። ጎረቤቱ ሞራ ተገፎለት በማግስቱ ሲያይ የተመለከተ ሰው፣ ከግላኮማ ኦፕራሲዮንም ያንኑ ይጠብቃል። ግን አያገኘውም፤ እንዲያውም ለጥቂት ሳምንታት እይታው ሊደበዝዝ ይችላል። ቀድሞ ካልተነገረው «ዓይኔን አጠፉት» ብሎ ይሄዳል፤ ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል፣ ቀጣዩም ሰው ይቀራል። ያን ጊዜ የአምስት ደቂቃ ማብራሪያ ተቆጥቦ የሚተርፈው ምንድን ነው?

እንደ እኔ ሌዘር ባለበት ሆስፒታል፣ መውጫው ክፍት የሆነና በሽታው ገና ያልገፋ ሰው ከጠብታው በፊት ሌዘሩን ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ። ጤና ሚኒስቴርም የዓይን ሐኪም ላላቸው የክልል ሆስፒታሎች ማሽኑን ከነጠጋኙ ያድርስ። ያለ ጠጋኝ የመጣ ማሽን ጥግ ይዞ አቧራ ሲጠጣ ብዙ አይተናል።