ለቀብር እንሰበሰባለን፣ ለደረጃችን መብራት ግን አቅቶናል

ጎረቤቶቼ፣ የመሃል አዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ ተቆጥቼ ነው የምጽፍላችሁ። ቁጣው እኔንም ይጨምራል።

ባለፈው ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ። ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የምኖረው ሜክሲኮ አካባቢ፣ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከሥራ ገብቼ በስልኬ መብራት ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት እናት አገኘሁ። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ትንሽ ጀሪካን ከጎናቸው አስቀምጠው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለዋል። መብራት ከሌለ ፓምፑ አይሠራም። ፓምፑ ካልሠራ ውሃ ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ስለዚህ ከግቢው ቧንቧ ቀድተው እየወጡ ነበር።

«ደከመዎት እማማ?» አልኳቸው።

«ኧረ አልደከመኝም ልጄ። ደረጃው አልታይ ብሎኝ መብራት የያዘ ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

ስንት ጊዜ እንደጠበቁ አልጠየቅኳቸውም። መልሱን ፈራሁት።

ጀሪካኑን ተቀብዬ አብረን ወጣን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ከሥር ያለው ሱቅ ጄኔሬተሩን አስነሳ። ጭሱ ወዲያው በደረጃው ቀዳዳ ገባ። እዚያ ፎቅ ላይ አራስ አለች። መስኮቷን በጥድፊያ ስትዘጋ ሰማኋት። ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ወተት እንዳይበላሽበት ነው። ግን የእሱ መፍትሔ የአራሷ ጭስ ሆነ። የእኔስ? እኔ ቤት ገብቼ ማብሪያውን ተጫንኩ፤ በራ። ባትሪና ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚሆን ኤሌክትሪክ የሚያደርግ መሣሪያ፣ አለኝ። እማማ በጨለማ ሰው ሲጠብቁ የእኔ ሳሎን ብርሃን ሊሆን ተዘጋጅቶ ነበር። የምቆጣው በዚህ ነው። መሃል ከተማ ውስጥ የምንኖር ሰዎች መብራት ሲጠፋ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ቀዳዳ እንፈልጋለን። አንዱ ጄኔሬተር፣ አንዱ ባትሪ፣ አቅም የሌለው ሻማ። ደረጃው ግን የማንም ስላልሆነ ጨለማ ነው።

በነጋታው ረፋድ ላይ ወደ ጣራው ወጣሁ። አራት ሰዓት ቢሆን ነው። ቆርቆሮው እጅ ያቃጥላል። ዙሪያውን ስታዩ የከተማው ጣራ ሁሉ ያብረቀርቃል፤ ዲሽ ብቻ ተደርድሮበታል። ያ ሁሉ ፀሐይ ቆርቆሮ አግሎ ይመሻል።

አምና አንድ የኤሌክትሪክ ሙያ የተማረ ጎረቤታችን ሐሳብ አምጥቶ ነበር። ጣራው ላይ የጋራ ሶላር እንትከል አለን። ለየቤታችን አይደለም፤ ለደረጃው መብራት፣ ለፓምፑና ለጥበቃው ክፍል ብቻ። ወረቀት ጽፎ መግቢያው ላይ ለጠፈ። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይም አስገባው። ሕንፃችን 30 ቤት አለው። እሁድ ከሰዓት ከእሱ ሌላ ስድስት ሰው ተገኘ።

የተባለውን እስካሁን አልረሳሁትም። «እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ደረጃ አልወጣ፣ ለምን እከፍላለሁ?» አለ አንዱ። «ጣራው በኔ ቤት ላይ ነው፣ ተበስቶ ቢያፈስስ?» አለች ሌላዋ። «እኔ ተከራይ ነኝ፣ ነገ ልለቅ እችላለሁ።» «ባለፈው ለፓምፕ ማሠሪያ ብለን ያዋጣነው ብር የት ገባ?» «መንግሥት ያስገባልን እንጂ!» ስድስተኛው እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ። ቤቴ ባትሪ ነበረኛ! ልጁ ወረቀቱን ሰብስቦ ሄደ።

ከዚያ በአሥረኛው ቀን ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ አባት አረፉ። ሌሊት ነው። ሳይነጋ ድንኳን ተተከለ። አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ብርጭቆው ከዕድሩ ዕቃ ቤት ወጣ። ያ «ደረጃ አልወጣም» ያለው ሰው እንጨት ሲፈልጥ አየሁት። ተከራይዋ ሽንኩርት ስትከትፍ አድራለች። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ስም ጠራ፤ የቀረ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ብር ቆጥሮ አስፈርሞ ሰጠ። አንድም ሰው «የት ገባ» አላለም። ሦስት ቀን ሙሉ ሕንፃው አንድ ቤተሰብ ነበር። እኒያው ሰዎች! ለስብሰባው ጊዜ የለንም ያሉት እኒያው!

እንግዲህ ንገሩኝ። መደራጀት አንችልም እንዴት እንላለን? ዕድርን ያቆመ፣ ዕቁብ የሚጥል፣ ማኅበር የሚጠጣ ሕዝብ አብሮ ባለቤት መሆንን ከማን ይማራል? ችሎታው አለን። ያጣነው ፈቃዱን ነው። ለሞተ ጎረቤታችን የምናወጣውን ገንዘብና ጉልበት በሕይወት ላለው ነፍገነዋል።

ምናልባት ነገሩ ከድሮም ከላይ ስለመጣ ይሆናል። ኤሌክትሪክ በዚህች ከተማ መጀመሪያ የበራው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ ወዲህ መብራት ከላይ የሚሰጥ፣ ሲሄድም የሚለመን ነገር መስሎን ቀረ። ሲመጣ ልጆቻችን «መብራት መጣ!» ብለው ይጮሃሉ፣ እኛም ደስ ይለናል፣ በቃ እንረሳዋለን።

«ሕዳሴ ግድብ አልቆ የምን ሶላር?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም አልቅሻለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት ቀልድ አይደለም። ግን ግድቡ ያለው ጉባ ነው። የሚቃጠለው ትራንስፎርመር፣ የሚበጠሰው ሽቦ እዚህ ደጃፋችን ነው። ኃይል ተትረፍርፎም የሰፈር መስመር ሲበላሽ ደረጃው ይጨልማል። ነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል፤ በየግቢው ቻርጅ የሚደረገውን እያያችሁት ነው። መስመሩ ላይ ያለው ጫና የሚቀንስ አይመስለኝም። ታሪፉም ከ2017 መስከረም ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ ሲል ቆይቷል።

ደግሞ ግድቡን ካነሳችሁ ሌላም ነገር አስታውሱ። በ2003 ዓ.ም. ግንባታው ሲጀመር ከደመወዛችን ቦንድ ገዛን። ሊስትሮው ገዛ፣ ጉሊት የምትቸረችረው እናት ገዛች። አይተነው ለማናውቀው ግድብ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ወንዝ አዋጣን። ከራሳችን በላይ ላለው ጣራ ለማዋጣት ግን «ደረጃ አልወጣም» እንላለን።

ነገሩ እንደምታስቡት ግዙፍ አይደለም። ጎረቤታችን ያሰላውን ልንገራችሁ። በአምስቱ ወለል ሁለት ሁለት አምፖል፣ አሥር አምፖል ነው። እያንዳንዱ 9 ዋት ቢሆን በአጠቃላይ 90 ዋት። ከማታ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ቢበራ ወደ 1.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ አንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 1.5 ገደማ ነው። ሁለቱ ተደምረው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞሉም። ባለ 550 ዋት አንድ ፓነል በአዲስ አበባ ፀሐይ በደህና ቀን ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል። አራት ፓነል ብንሰቅል ለደመናማው ቀንም መጠባበቂያ ይኖረናል። አራቱ የሚይዙት ቦታ ከአሥር ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ከአንድ መኝታ ክፍል አይሰፋም።

ክረምት ላይ ይቀንሳል፣ ልክ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ይከብዳል። ግን በጋው የፀሐይ ነው፤ ግድቦቹ የሚሞሉት በክረምት፣ ውሃቸው የሚቀንሰው በበጋ መሆኑን አስቡት። ፀሐይና ውሃ ይተካካሉ።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። መርካቶ ገብታችሁ ርካሹን ይዛችሁ እንዳትመጡ። መብራት ሲሄድ አብሮ የሚጠፋ ኢንቨርተር አለ፤ መስመር የሚጠግነው ሠራተኛ በእናንተ ጣራ ኃይል እንዳይሞት ተብሎ የተሠራ ነው። እኛ የሚያስፈልገን ከመስመሩ ራሱን ነጥሎ በባትሪ የሚቀጥለው፣ ሃይብሪድ የሚሉት ነው። የፓምፕ ሞተር ደግሞ ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ኢንቨርተሩ ያንን የሚችል ይሁን። ፓነሉ 25 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ባትሪው ግን አይቆይም። ተራው የእርሳስ ባትሪ በጥቂት ዓመት ያረጃል፣ ሊቲየሙ ይሻላል፣ ዋጋውም ይከብዳል። ብዙ ሶላር የሚሞተው በባትሪው ነው። ሰው ለመግዣው ያዋጣል፣ ለመቀየሪያው አያስቀምጥም። የጋራ ቆጣሪያችን ላይ የሚቀንሰው ሒሳብ በየወሩ ለባትሪ ይቀመጥ። አቧራውንም የሚያጥብ ሰው ይመደብ።

ምድር ቤት ላለው ጎረቤቴ ደግሞ ይህን ልበል። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከየግል ቤታችን ውጪ ያለው የሕንፃው ክፍል የጋራ ነው። ጣራው ያንተም ነው ማለት ነው። ፀሐዩ ላንተም ይሠራልሃል፤ ደረጃ ባትወጣም ውሃ ትጠጣለህ፣ ጥበቃው በጨለማ ሳይሆን በብርሃን ቢቆም የሚጠበቀው ያንተም ቤት ነው። ለላይኛዋ እህቴም፣ ስጋትሽ እውነት ነው። ቆርቆሮ በዘፈቀደ ከተበሳ ያፈስሳል። ስለዚህ ብረቱን የሚያቆመው ባለሙያ ይሁን፣ ቢያፈስስ ማኅበሩ እንደሚያሠራልሽ በቃለ ጉባኤ ይፈረምልሽ። ተከራዩ የወር የአገልግሎቱን ይክፈል፤ የመትከያው ወጪ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ውጭ አገርም ቢኖር ስልክ አለው። የኪራይ ቀን አይረሳም፤ መዋጮውም አይረሳው።

ሌላው ዓለም እንዲህ እያደረገ ነው። ኮፐንሃገን ደጃፍ ባሕሩ ላይ ሚድልግሩንደን የሚባል ቦታ 20 የነፋስ ተርባይኖች ተተክለዋል። መሽከርከር የጀመሩት በ2000 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ነው። ግማሹ ከ8,000 በላይ ተራ ሰዎች አክሲዮን የገዙበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ሆኖ ነው የተተከለው። ለንደን ብሪክስተን ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. እንደኛ ኮንዶሚኒየም ያለ የመኖሪያ ሕንፃ ጣራ ላይ የሰፈሩ ሰዎች በጋራ ሶላር ሰቀሉ። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን የሪዮ ዴ ጄኔሮው ነው። ባቢሎንያ የምትባል ተራራ ላይ የተንጠለጠለች የድሃ ሰፈር ናት። በ2021 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቹ የሶላር ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ፓነሉ የተሰቀለው በነዋሪዎች ማኅበሩ ጣራ ላይ ነው። የሰፈሩ ልጆችም ተከላውን ተምረው ራሳቸው ሠሩት። ሀብታም ስለሆኑ አይደለም። ጣራቸው ላይ ያለውን የራሳችን ነው ስላሉ ነው።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እኔ ለቤቴ ብቻ ባትሪና ኢንቨርተር ስገዛ ሸክሙን አውቀዋለሁ፤ ወራት አጠራቅሜ ነው። ሠላሳ ቤት ሲካፈለው የጋራው ከዚያ ያንስ ነበር።

አሁን ትልቁን ነገር ልንገራችሁ። ያን ቀን ስብሰባውን የገደለው የፀሐይ ወይም የብር ማነስ አይደለም። «የፓምፑ ብር የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ትክክል ነበር። መልስ የሰጠ ግን አልነበረም፤ ሁላችንም ጥያቄውን ምክንያት አድርገን ተበተንን። የዕድርን ገንዘብ ያዥ የምናምነው መልአክ ስለሆነ አይደለም። መዝገብ ስላለው፣ ደረሰኝ ስለሚቆርጥ፣ በስብሰባ ሒሳብ ስለሚያሰማ ነው። የጋራ ሶላሩም እንደዚያ ይሁን። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። ባንክ በጣምራ ፊርማ። የወጣው የገባው በየወሩ መግቢያው ላይ ይለጠፍ፣ ግሩፑ ላይ ይጫን። ሳይጠይቁ ለሚያምኑ ሰዎች ሳይሆን ጠይቀው ለሚያምኑ ሰዎች የሚሆን አሠራር እንዘርጋ። የምትጠራጠሩም ኑ፤ እናንተ ሒሳብ መርማሪ ሁኑ።

ፒያሳና ካዛንቺስ ፈርሰው ሰው ሲበተን የስንቱ ዕድር አብሮ እንደተበተነ አይተናል። ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን ስማችንን የማንተዋወቅ በዝተናል። ከሐዘን በፊት የምንገናኝበት ምክንያት ያስፈልገናል፣ ይኸው አራት ፓነል።

እኔ ከዚህ በኋላ ዝም አልልም። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ወንበር ይዤ እወርዳለሁ። እማማን በእጃቸው ይዤ አወርዳቸዋለሁ፣ ተስማምተናል። ጎረቤታችንም ወረቀቱን አልጣለውም፤ ስሌቱን አድሶ ይመጣል። እናንተም ልደታ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ አራት ኪሎ፣ በያላችሁበት ሕንፃ ውረዱ። ባለፈው የፓምፑን ብር የያዘውን ሰው ደግሞ ትናንት ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። ደረሰኞቹ አልጋ ሥር፣ ፌስታል ውስጥ ናቸው። ይዟቸው ሊመጣ ቃል ገብቶልኛል።