ስለ ግራል ብርጭቆ አንድ እርማት

ወንድሜ፣ «የስዊድን ግራል ብርጭቆ ሥዕሉ ከላይ የተቀረጸ ስለሆነ፣ ጣት ሲያልፍበት ካልሻከረ ፎርጅድ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ግን ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ በዚህ ምክር እውነተኛ ዕቃ እንዳይጣል እሰጋለሁ።

ግራል በስዊድኑ የኦረፎርስ ብርጭቆ ፋብሪካ በ1916 (በፈረንጆቹ) የተጀመረ አሠራር ነው። መጀመሪያ ባለ ቀለም ሽፋን ያለው ትንሽ፣ ወፍራም ብርጭቆ ይሠራል። ሲቀዘቅዝ ሥዕሉ ይቀረጽበታል። ከዚያ ቀስ ብሎ እንደገና ይሞቃል፣ ብዙውን ጊዜም በጠራ የብርጭቆ ቅልጥ ይለበጣል፣ እየተነፋም ወደ ሙሉ መጠኑ ይለጠጣል። ሥዕሉም አብሮ ይለጠጣል! ጠርዙ የሚለሰልሰው፣ ቀለሙም ውሃ ውስጥ ያለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ላዩ ልሙጥ ቢሆን አትደንግጥ። የተለበጠውን ዘንበል አድርገህ በጎን እየው፤ ሥዕሉ ከላዩ ገባ ብሎ ይታያል። ጣት ላይ የሚሻክረው እዚያው ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ሌላው፣ ከተነፋ በኋላ የሚቀረጸው ጥርት ያለ ብርጭቆ ነው።

ደግሞም የሲሞን ጌት ወይም የኤድዋርድ ሃልድ ስም ስላለበት «እሱ ራሱ ነፋው» አይባልም። ሁለቱም ሠዓሊዎች ነበሩ፤ ሥራቸው ንድፉ ነው። ግራልን በእሳቱ ፊት ያበጀው እንደ ክኑት ቤሪክቪስት ያለ የብርጭቆ ነፊ ነው። ለእኔ የእሱም ስም እኩል መነሳት አለበት።