ከአንድ ሜትር ከአሥር በታች

አዲስ አበባ ላይ «ኤግዚቢሽን እንሂድ» የተባለ ልጅ ጫማ ሊገዛለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ቃሉ ወደ ቤታችን የገባው በመስቀል አደባባዩ ኤግዚቢሽን ማዕከል በኩል ስለሆነ ትርጉሙም እዚያው ቀርቷል፦ የእንቁጣጣሽ ባዛር፣ የገና ባዛር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ፊኛና ግፊያ። ዋሽንግተን ወይም ባልቲሞር ያደገ የአበሻ ልጅ ያንኑ ቃል ሲሰማ የሚታየው ሌላ ነው፤ ለሦስት አራት ወር ተከፍቶ የሚዘጋ፣ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ የሚያወራ፣ አንድ ሁለት የሚነካ ነገር ያለበት የሙዚየም ክፍል። በአማርኛ ዐውደ ርዕይ የሚል ያማረ ቃል አለን። እሱን ደግሞ ለክብር እንግዳና ለሪባን መቁረጫ ሰጥተነዋል።

ልዩነቱ ሲነሳ ብዙ ሰው «እነሱ ገንዘብ አላቸው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ገንዘቡስ አለ። ዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነፃ ነው፣ ብዙዎቹም የሚዘጉት በፈረንጆች ገና ዕለት ብቻ ነው። ሜትር ይዞ ክፍሎቹን ለሚዞር ሰው ግን፣ ቤተሰብ የሚስተናገድበትን ክፍል ከማይስተናገድበት የሚለየው አብዛኛው ነገር ርካሽ ነው።

ቁመትን እንውሰድ። ሥዕል ሲሰቀል መሀሉ ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሴንቲሜትር ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ልኩ የአዋቂ ዓይን ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ቁመቱ 110 ግድም ሲሆን ዓይኑ አንድ ሜትር ላይ ነው። የመስታወት ሳጥኑ ጠረጴዛ 90 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ልጁ የሚያየው የእንጨቱን ጠርዝና በመስታወቱ ላይ የሚያብረቀርቀውን አምፖል ነው። አባቱ ያነሣዋል። ሦስተኛው ሳጥን ጋ ሲደርሱ የአባትየው ክንድ ይዝላል፣ ጉብኝቱም እዚያ ያበቃል። መርገጫ ማስቀመጥ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ይንሸራተታል፣ ሁለት ልጆች ይጣሉበታል፣ በዊልቸር የመጣውንም መንገድ ይዘጋበታል። የሚሻለው ሳጥኑን ራሱን ወደ 60 ወይም 65 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጎ ፊቱን ወደ ተመልካች ማዘንበል ነው። አዋቂ ጎንበስ ማለት ይችላል፤ ልጅ ተንጠራርቶ አይደርስም።

ቁመት ከተነሳ ዘንድ፣ አምስት ኪሎ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት ያለችውን ሉሲን ማለፍ አይቻልም። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት፤ ቁመቷ ግን 1 ሜትር ከ5 ሴንቲሜትር ግድም ነው፤ የአንድ የአራት ዓመት ተኩል ልጅ ቁመት ማለት ነው። ሌላ አገር ቢሆን ይህ ብቻውን ለቤተሰብ የሚሆን ሙሉ ዐውደ ርዕይ ይወጣው ነበር። ግድግዳው ላይ በ105 ሴንቲሜትር አንድ ቀይ መስመር፣ ከጎኑ ልጆች ቁመታቸውን የሚለኩበት ልኬት፣ ከበላዩ «አንተ ትበልጣለህ ወይስ ድንቅነሽ?» የሚል ጥያቄ። ወጪው ፕላስተርና ማርከር ነው።

የድንቅነሽ አጥንት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ አሜሪካ ዞሮ በ2013 ተመለሰ፤ በ2025 ደግሞ «ሰላም» ከተባለችው የሕፃን ቅሪተ አካል ጋር ፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ለ60 ቀን ታየ። የአዲስ አበባ ልጅ በአዘቦት ቀን የሚያየው ቅጂውን ነው፣ ዋናው ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ የሚቆጩ ብዙ ናቸው። ለልጅ ግን ቅጂ ይሻላል፤ ቅጂ ይነካል፣ ይገጣጠማል፣ ቢሰበር እንደገና ይሠራል። የሚያስቆጨው ቅጂውንም እንደ ዋናው መስታወት ውስጥ ማስገባታችን ነው።

ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አደረጃጀቱ ብዙ የውጭ ሙዚየሞችን የሚያስቀና ነው። ዕቃዎቹን በብሔረሰብ ወይም በዘመን ሳይሆን በሰው የሕይወት ጉዞ ደርድሯቸዋል፤ ከልደትና ከልጅነት ተነሥቶ ወደ ሞት ይሄዳል። የመጀመሪያው ክፍል የልጅ ነው፤ ጨዋታውም ተረቱም አለ። የጎደለው እጅ ብቻ ነው። ገበጣ በመስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ጉድጓድ ያለበት እንጨት ይሆናል።

ገበጣን የሚያጫውት ጠረጴዛ ማዘጋጀት ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሸው ጠጠሮቹ ላይ ነው። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያገኘውን ወደ አፉ ያስገባል። አሜሪካ ውስጥ የመጫወቻ ደኅንነት የሚለካበት ቱቦ ስፋቱ 3.2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ በውስጡ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ሁሉ ጉሮሮ ይዘጋል ተብሎ ለሕፃናት ይከለከላል። ስለዚህ ሁለት ገበጣ ያስፈልጋል። ለትልልቆቹ የተለመደው በፍሬ፣ ጠረጴዛ ላይ፤ ለትንንሾቹ ደግሞ ወለል ላይ፣ የሳህን ያህል ጉድጓድ ያለው፣ ጠጠሩ ከ4.5 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ የእንጨት ድቡልቡል። ፍሬዎቹ በየቀኑ ይጠፋሉ፤ ኪስ ይገባሉ። ሌብነት አይደለም፣ ልጅነት ነው። ለአንድ ጨዋታ የሚበቃውን ሦስት እጥፍ አስቀምጦ ማታ ማታ መሙላት ነው።

ለሚነካ ነገር ሁሉ ሕጉ ይኸው ነው፤ አንድ ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ ጥገና ላይ፣ አንድ መጋዘን። በውጭ ያሉ ሙዚየሞችም ይህን ለማሟላት ይሞክራሉ። ስክሪን ያለበት ነገር ደግሞ እዚያም ቶሎ ይበላሻል፤ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ስክሪን ያላየ ጎብኚ የለም። እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በሙሉ ይሞታል። ክዳን ከፍቶ መልስ ማየት፣ ገመድ መሳብ፣ ሳጥን ውስጥ እጅ ከትቶ በዳሰሳ መለየት መብራት አይፈልጉም። ክዳኑ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ከ8 እስከ 25 ሚሊሜትር ያለ ክፍተት የልጅ ጣት ይይዛል። በብረት ማጠፊያ ፈንታ ሰፋ ያለ የቆዳ ቁራጭ ቢመታበት ጣት አይቆነጥጥም፣ አይጮህም፤ ቆዳው ደግሞ ከመርካቶ አይጠፋም።

«ለምን ጊዜያዊ? ለምን ሁልጊዜ አይታይም?» የሚል ይኖራል። ብራና፣ ወረቀትና ጥልፍ ብርሃን ይበላቸዋል፤ ጉዳቱ ይደማመራል እንጂ አይመለስም። ስለዚህ ብርሃናቸው ሉክስ በሚባለው የብርሃን መለኪያ 50 ላይ ተይዞ ጥቂት ወራት ይታዩና ወደ ጨለማ ይመለሳሉ። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ሊደርስ እንደሚችል ሲታሰብ፣ መስኮት ዳር የተቀመጠ መጽሐፍ ምን እየሆነ እንዳለ መገመት አያቅትም። ድርብ አቡጀዲ መጋረጃ ብዙ ያግዛል። ግን 50 ሉክስ ለልጅ ጨለማ ነው። ከፀሐይ በቀጥታ የገባ የሦስት ዓመት ልጅ በሩ ላይ ያለቅሳል፤ ወላጁም አፍሮ ይመለሳል። መሀል ላይ ደብዘዝ ያለ መተላለፊያ አበጅቶ፣ ዓይን እስኪለምድ ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚያቆይ ነገር እዚያ ማኖር ያስፈልጋል። ገበጣው እዚያ ቢሆን ያምርበታል።

በዚያ ብርሃን ፊደላችን ይፈተናል። የ«ሉ» እና የ«ሊ» ልዩነት አንዲት ትንሽ ቅጥያ ያረፈችበት ቦታ ነው፤ በ14 ነጥብ የፊደል መጠን ተጽፋ ጥላ ካረፈባት ሁሉም አንድ ይሆናል። ለላቲን የሚበቃው መጠን ለእኛ አይበቃም። ብዙ ቦታ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ እንግሊዝኛው ከላይ በትልቁ፣ አማርኛው ከታች በተረፈው ቦታ። የልጅ መግለጫ 30 ቃል ከበለጠ ማንም አያነበውም፤ ቦታውም ከአዋቂው ሥር 80 ሴንቲሜትር ላይ ነው። በተለይ በውጭ ያደገው ልጅ ፊደል ስለማያነብ እናቱ ጮክ ብላ ታነብለታለች። ስለዚህ ለጆሮ ይጻፍ። «ይህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የብራና መጽሐፍ ነው» ከማለት «ይህን መጽሐፍ ለመሥራት ስንት ፍየል ያስፈልጋል? ቅጠሎቹን ቁጠር፤ ሁለቱ አንድ ላይ የታጠፈ አንድ ቁራጭ ቆዳ ናቸው» ብሎ መጠየቅ ልጁን አምስት ደቂቃ ያቆመዋል።

ባልቲሞር ያለው ዋልተርስ ሙዚየም ትልቅ የኢትዮጵያ ስብስብ አለው፤ መደበኛ መግቢያውም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ነፃ ነው። ከዲሴምበር 2023 እስከ ማርች 2024 ስለ ኢትዮጵያ ጥበብ ያዘጋጀው ጊዜያዊ ዐውደ ርዕይ ከዚያ ማሳቹሴትስ ወዳለችው ሴለም፣ ቀጥሎም ኦሃዮ ወዳለችው ቶሌዶ ተጓዘ። ይህን የመሰለ ዕድል ሲመጣ የእኛ ቤተሰብ የሚያመልጠው በሥራ ፈረቃና በቅዳሜ ሰርግ ነው፤ «ሙዚየም የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለውም ይጨመርበታል። መግቢያ በሚከፈልባቸው ሙዚየሞች ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ አለ። «ሙዚየምስ ፎር ኦል» በሚባለው አሠራር የሚሳተፉ ሙዚየሞች የምግብ ድጎማ ካርድ ላሳየ ቤተሰብ እስከ አራት ሰው ድረስ በነፃ ወይም በነፍስ ወከፍ ከ3 ዶላር ባልበለጠ ያስገባሉ። በአንዳንድ ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም የሙዚየም መግቢያ እንደ መጽሐፍ ያውሳሉ።

ነፃ መሆኑ ከኪስ በላይ ነው። የከፈለ ወላጅ «ገንዘቤን ላውጣ» ብሎ ልጁን ሦስት ሰዓት ይጎትተዋል፤ ያልከፈለ በአርባ አምስት ደቂቃ ይወጣና ሌላ ቀን ይመለሳል። የአራት ዓመት ልጅ አቅም ደግሞ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። እዚያ አገር የማይወደደው መውጫው ነው፤ በር የሚገኘው በስጦታ ሱቁ በኩል ሲሆን፣ አሻንጉሊቶቹ የተደረደሩት በትክክል አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ለዚያ ሲሆን የልጅ ዓይን የት እንደሆነ ማንም አልጠፋውም። አገር ቤት ለዜጋ መግቢያው ትንሽ ነው፤ የሚከብደው ለአምስት ሰው ደርሶ መልስ ታክሲው ነው። ለዚህም ነው በየክፍለ ከተማውና በየዞኑ ያለው ትንሽ ሙዚየም ከትልቁ ይልቅ ለቤተሰብ የሚቀርበው።

መጸዳጃውን ሳያዩ ስለ ቤተሰብ ማውራት ከንቱ ነው። ውሃ ያለው በርሜል፣ ሳሙና፣ ዳይፐር የሚቀየርበት ሰፋ ያለ ጣውላ፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ። ውጭ አገር ጣውላው በአባቶችም በኩል ይገኛል። አጠገቡ መቀመጫ ያስፈልጋል፤ አያት አብራ ትመጣለችና። አያት የምትቀመጥበት ካጣች ቤተሰቡ ሁሉ ይወጣል።

ጥበቃዎቹ ደግሞ አስጎብኚው ከሚያሳልፈው የበለጠ ጊዜ ከልጆች ጋር ያሳልፋሉ፤ የሚናገሩት ቃል ግን አንድ ነው፦ «አትንካ!»። የግማሽ ቀን ሥልጠና ይበቃል። «ና፣ የሚነካው እዚህ ነው» ማለትን ከለመዱ ዕቃውም ይተርፋል፣ ልጁም። የተማሪ ሰልፍ ሲመጣም 60 ልጅ እጁን በጓደኛው ትከሻ ጭኖ ከሚያልፍ፣ በ15 በ15 ተከፍሎ ግማሹ ግቢ ውስጥ ሲጫወት ግማሹ ቢገባ የተሻለ ነው።

የመክፈቻው ቀን የራሱ ጣጣ አለው። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ድፎ ይቆረሳል፤ ወግ ነው፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ቄጠማ እርጥበትና ነፍሳት ይዞ ይገባል፣ ጭሱ ብራናው ላይ ያርፋል፣ የዳቦው ፍርፋሪ አይጥ ይጠራል። ሁሉም ግቢ ውስጥ፣ ድንኳን ሥር ይሁን። ቀለምም እንዲሁ ነው። ልጆች በብርዕ የብራና ጌጥ የሆነውን ሐረግ ይሣሉ ከተባለ፣ ዋናው መጽሐፍ ባለበት ክፍል ከእርሳስ ሌላ አይግባ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በውሃ መጻፍም ይቻላል፤ ይደርቅና ለቀጣዩ ልጅ ይጸዳል። የክብር እንግዳው እስኪመጣ ልጆች ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ ከሚጠብቁ ደግሞ፣ ንግግሩ ዓርብ ተደርጎ ለቤተሰብ ቅዳሜ ቢከፈት ሁለቱም ወገን ያርፋል።

ወቅቱ ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነውና። ሐምሌ ተከፍቶ መስከረም አጋማሽ ላይ ቢዘጋ ሁለት ወር ተኩል ይሆናል፣ ለብራናውም ይበቃዋል። በር ላይ የጃንጥላ ማስቀመጫና ሁለት ወፍራም የእግር መጥረጊያ ይዘጋጅ፤ ጭቃው ሲደርቅ አቧራ ሆኖ መስታወቱ ላይ ይወጣል። ሲዘጋ ገበጣዎቹ፣ ባለ ክዳን ሳጥኖቹና የመግለጫ ሰሌዳዎቹ በሁለት የቆርቆሮ ሣጥን ይገባሉ፤ በአንድ ፒክ አፕ ወደሚቀጥለው ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ፤ ብራናው ብቻ ወደ መጋዘኑ ይመለሳል።